ጀበናው ጆሮ አለው?

ቅዳሜ ጠዋት ነው። አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂንያ ውስጥ በተከራየናት አዳራሽ አሥራ አንድ ልጆች አማርኛ ሊማሩ ጠረጴዛ ከበው ተቀምጠዋል። መሐል ላይ ከቤቴ ያመጣሁት ጀበና አለ። «የምታዩትን ብቻ ሳሉ» አልኳቸው።

አንዲት የስምንት ዓመት ልጅ እጇን አወጣች። «ይሄ ምን ይባላል?» ጣቷ እጀታው ላይ ነው።

«ጆሮ» አልኳት።

«ጀበናው ጆሮ አለው?»

ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። ከዚያ በኋላ ማን ያቁማቸው! አፉን፣ አንገቱን፣ ሆዱን እየነኩ እየጠሩ ሳሉት። እነዚህ ልጆች እኮ የሰውነት ክፍሎችን ከወረቀት ላይ ሦስት ወር አነብንበው ያልያዙት ናቸው።

የዚያን ቀን አንድ አባት ልጃቸውን ሊወስዱ መጥተው ሥዕሉን አዩና፣ «ጋሼ፣ ሥዕሉን እቤትም ይሥሉታል፤ እርስዎ ፊደሉን አስቆጥሩልን» አሉኝ። አልተቀየምኩም። ሳምንቱን ሙሉ ሥራ ላይ ከርመው፣ የእረፍት ቀናቸውን ሰጥተው የሚመጡት ልጁ አማርኛ እንዳይጠፋበት ብለው ነው። ግን አልስማማም። ለምን እንደማልስማማ ልንገራችሁ።

በውጭ አገር ባሉ ብዙ የቅዳሜና የእሁድ ትምህርት ቤቶቻችን ሥዕል የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። ልጆቹ ሲደክሙ የታተመ ባንዲራ ወይም አንበሳ ይታደላቸዋል፤ ቀለም ቀብተው ወላጅ እስኪመጣ ይጠብቃሉ። ይሄ ልጅን ዝም ማሰኛ እንጂ ሥዕል ማስተማር አይደለም። ልጁ ምንም አላየም፣ ምንም አልጠየቀም፣ መስመሩንም ሌላ ሰው ነው ያሰመረለት።

ቋንቋችን ራሱ ትምህርትንና ሥዕልን አልለያቸውም። ጎበዝ ተማሪን «ቀለም ይገባዋል» እንላለን። ብዙ የተማረውን «የቀለም ቀንድ» እንለዋለን። ዕውቀትንም ጥበብ እንላለን፤ ሸማኔው በቀሚሱ ጠርዝ ላይ የሚያወጣውንም ጥበብ እንላለን።

ፊደሉንስ ቢሆን በብሩሽ ብናስቆጥረውስ? ለ፣ በ እና ከን በትልቁ ሲጽፏቸው ልጆቹ እኔ ያልነገርኳቸውን አዩ። ካዕቡ ወገቡ ላይ እጅ ያወጣል። ሣልሱ እጁን ወደ እግሩ ያወርዳል። ኃምሱ እግሩ ላይ ቀለበት ያስራል። «ሌ ቀለበት አላት!» ያለው ልጅ ከዚያ ቀን በኋላ ሌን ከሊ ጋር አምታቶ አያውቅም። ወሰኔ ኮስሮፍ የአማርኛን ፊደል ይዘው ሥዕላቸውን በዓለም ሙዚየሞች አሰቅለዋል። ፊደላችን መጀመሪያውኑ ለዓይን የተሠራ ነው።

ብዙ ወጪ የለውም። ከሱፐርማርኬት የሚሰጠውን ቡናማ የወረቀት ከረጢት ቀደን ጨመደድነው፣ ውሃ ነካ አድርገን በካውያ ተኮስነው። ብራና መሰለ። በላዩ ላይ የብራና መጻሕፍት አናት ላይ የሚሣለውን ሐረግ ሞከርን። አንዱ መስመር በሌላው ላይ ያልፋል፣ ቀጥሎ ደግሞ በሥሩ ይሾልካል። «ላይ»፣ «ሥር»፣ «መሐል»፣ «ዙሪያ»፤ እነዚህን ቃላት ልጆቹ በእጃቸው ተማሩ። ቀለሙም የራሱ አማርኛ አለው። ውሃ ሰማያዊ፣ ወይን ጠጅ፣ ደማቅ፣ ፈዛዛ። ሰማያዊው ላይ ውሃ ሲጨምሩበት ውሃ ሰማያዊ ሲሆን በዓይናቸው አዩት፤ ማስረዳት አላስፈለገኝም።

ሌላ ቀን ደግሞ የቤተ ክርስቲያን ሥዕሎችን አየን። በድሮው ልማድ ደጎቹ ፊት ለፊት፣ በሁለት ትልልቅ ዓይኖች ይሣላሉ። ክፉዎቹ በጎን ናቸው፤ አንድ ዓይናቸው ብቻ ነው የሚታየው። አንድ ልጅ ራሱን በሁለት ዓይን ሳለና ታናሽ ወንድሙን በአንድ ዓይን ሳለው። ጠዋት ተጣልተው ነበር። በመኪና ሲመለሱ ታረቁ መሰለኝ፣ በሳምንቱ ሁለተኛውን ዓይን ጨምሮለት መጣ።

«በሥዕል ምን ይበላል?» የሚለውን ጥያቄም እሰማዋለሁ። ሎሬት አፈወርቅ ተክሌ በ1947 እ.ኤ.አ. ገና በ15 ዓመታቸው እንግሊዝ የተላኩት የማዕድን ምህንድስና እንዲማሩ ነበር። ዛሬ አዲስ አበባ አፍሪካ አዳራሽ የገባ ሰው ቀና ብሎ የሚያየው 150 ካሬ ሜትር የመስታወት ሥዕል የእሳቸው ነው። ለእኛ ደግሞ ከዚህም የቀረበ አለ። ሠዓሊው እስክንድር ቦጎሲያን ከ1970ዎቹ ጀምሮ እስከ 2001 እ.ኤ.አ. እዚሁ ዋሽንግተን በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ አስተምረዋል። ከሠዓሊዋ ከበደች ተክለአብ ጋር የሠሩት ትልቅ የአልሙኒየም ሥራ በኢትዮጵያ ኤምባሲ ግድግዳ ላይ ነው። ስንቶቻችን ነን ፓስፖርት ልናሳድስ ሄደን ልጃችንን ከፊቱ ያቆምነው? እባካችሁ በሚቀጥለው ስትሄዱ አቁሙት። ወረቀትና እርሳስም ያዙለት።

ልጅ ሁሉ ሠዓሊ ይሁን እያልኩ አይደለም። ከሁለት ሰዓቱ ትምህርት አርባ ደቂቃውን ስጡንና እውነተኛ ዕቃ ፊታቸው እናስቀምጥ ነው የምለው። ጀበና፣ ሰፌድ፣ የእናታቸው ነጠላ። ልጅ ያላየውን ነገር ስም አይፈልግም። እየሣለው ከሆነ ግን ራሱ ይጠይቃል።

ያቺ የስምንት ዓመት ልጅ የጀበናውን ሥዕል ቤቷ ወስዳ ደሴ ላሉት አያቷ በቪዲዮ አሳየቻቸው። እናቷ ናት የነገረችኝ። እማማ በጣም ደስ አላቸው፤ መረቁ። ከዚያ ስልኩን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው፣ «የኔ እናት፣ ማቶቱስ የታለ? ያለ ማቶት ይወድቅብሽ የለ እንዴ!» አሏት። ልጅቷ ቃሉን ሰምታው አታውቅም። እናቷም ከስንት ዓመት በኋላ መስማቷ ነው። እኔም ጀበናውን ሳመጣ ማቶቱን ቤት ረስቼው ነበር።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ይዤው መጣሁ። ልጅቷ አዲስ ወረቀት ወስዳ መጀመሪያ ማቶቱን ሳለች። ጀበናውን ከዚያ በኋላ አስቀመጠችበት።