የእነሱ ደብዳቤ «ደርሷል» ተብሎ ይታሰባል፣ የእኛን ግን ማስረጃ አምጡ እንባላለን

ከአንድ ዕዳ ሰብሳቢ ድርጅት ጋር ስመላለስ አንጀቴን ያሳረረኝን ነገር ዝም ብዬ ማለፍ ስላልቻልኩ ይህን ጽፌአለሁ። አሜሪካ ውስጥ ስማችን «ኮሌክሽን» ሲገባ፣ ማለትም ዕዳ አለባቸው ተብሎ ለዕዳ ሰብሳቢ ድርጅት ሲተላለፍ፣ የማናምንበትን ዕዳ በጽሑፍ የመቃወም መብት እንዳለን ብዙዎቻችን ሰምተናል። መብቱ እውነተኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 የወጣው የፌዴራል የዕዳ አሰባሰብ ሕግ እንደሚለው፣ የድርጅቱ ማሳወቂያ በደረሰን በ30 ቀናት ውስጥ በጽሑፍ ከተቃወምን፣ ድርጅቱ የዕዳውን ማረጋገጫ አግኝቶ እስኪልክልን ድረስ ገንዘቡን መጠየቁን ማቆም አለበት። ይሁን እንጂ ደብዳቤያችን እጃቸው ስለመግባቱ የማስረዳት ሸክሙ በሙሉ የተጫነው በእኛ ላይ ነው፤ ድርጅቱ «አልደረሰንም» ብሎ አንዲት ቃል ከተናገረ መብቱ ወረቀት ላይ ብቻ ይቀራል።

የእኔ ጉዳይ የተነሣው ከለቀቅሁት አፓርታማ ነው። ቁልፉን ባስረከብኩበት ቀን የአስተዳደሩ ሠራተኛ ክፍሎቹን ዞራ ካየች በኋላ ጉዳት አለመኖሩን በፊርማዋ አረጋግጣልኝ ነበር። ከወራት በኋላ ግን ለካርፔት ቅያሪና ለቀለም ተብሎ ከሁለት ሺህ ዶላር በላይ ዕዳ እንዳለብኝ የሚገልጽ ደብዳቤ ከማላውቀው ድርጅት መጣ። እኔም ዕዳውን እንደማልቀበል ጽፌ፣ የሠራተኛዋ ፊርማ ያለበትን ወረቀት ቅጂ አያይዤ፣ በጊዜው በሰርቲፋይድ ሜይል (ቁጥር ተሰጥቶት በሚመዘገብ ፖስታ) ከሪተርን ሪሲት ጋር፣ ማለትም ተቀባዩ ፈርሞበት ወደ ላኪው ከሚመለስ አረንጓዴ ካርድ ጋር ላክሁ። ለዚህ አገልግሎት ቴምብሩን ጨምሮ አሥር ዶላር ገደማ ይከፈላል። መንገድ ዳር ባለው ሰማያዊ ሣጥን ውስጥ መጣልም አይበቃም፤ ደረሰኙ ላይ የዕለቱ ማኅተም እንዲመታ መስኮቱ ጋ ተሰልፎ ሠራተኛውን ማግኘት ያስፈልጋል። ሌሊት ሠርቶ ቀን የሚተኛ ወይም በሰዓት የሚከፈለው ሰው ይህን የሚያደርገው ከእንቅልፉና ከደሞዙ ቆርሶ ነው።

አረንጓዴው ካርድ ተመልሶ ሲመጣ ጉዳዩ ያለቀለት መስሎኝ ነበር። ካርዱን አሁንም ፊቴ አስቀምጬ እያየሁት ነው። ፊርማ በሚፈረምበት ቦታ ላይ ሰው የጻፈው አንድም ፊደል የለም፤ ግማሹ የደበዘዘ የጎማ ማኅተም ብቻ ተመትቶበታል። የተቀባዩ ስም በግልጽ የሚጻፍበት መስመር ባዶ ነው። ቀን የሚሞላበትም ባዶ ነው። ተቀባዩ ራሱ ባለአድራሻው ይሁን ወይም ወኪሉ ለመለየት ከተቀመጡት ሁለት ትንንሽ ሣጥኖች አንዱም ምልክት አልተደረገበትም። በትራኪንግ (የፖስታ መከታተያ) ቁጥሩ ሲታይ ግን ደብዳቤው ድርጅቱ ራሱ በማሳወቂያው ላይ በሰጠኝ የፖስታ ሣጥን አድራሻ መድረሱ ከነሰዓቱ ተመዝግቧል። በየቀኑ በርካታ ሰርቲፋይድ ደብዳቤ የሚቀበሉ ድርጅቶች ለእያንዳንዱ ፖስታ በጥንቃቄ እንደማይፈርሙ ይገባኛል፤ ግን የእነሱ ግዴለሽነት የሚያስከትለውን ዋጋ የምከፍለው እኔ መሆኔ በምን ሒሳብ ነው?

ዕዳውን ክፈል የሚለው የድርጅቱ የስልክ ጥሪ አላቋረጠምና ደውዬ ጠየቅሁ። ስልኩን ያነሣችው ሴት በትሕትና «በሲስተማችን ላይ ምንም ደብዳቤ አይታይም» አለችኝ። የትራኪንግ ቁጥሩን ስሰጣት፣ የፖስታ ሣጥኑን ደብዳቤ የሚከፍተውና ስካን የሚያደርገው ሌላ ድርጅት መሆኑን፣ እሱ ካላስተላለፈላቸው እነሱ እንደተቀበሉ እንደማይቆጠር ነገረችኝ። አድራሻውን የሰጡኝ እነሱ፣ ሣጥኑን የተከራዩት እነሱ፣ ከፋቹን የቀጠሩት እነሱ ሆነው ሳለ ደብዳቤው በመካከላቸው ጠፋ ሲባል ተጠያቂው ላኪው ይሆናል ማለት ነው። ቀጥላም «ተቃውሞዎን አሁን በስልክ ይንገሩኝና ልመዝግብልዎ» አለችኝ። እዚህ ላይ ወገኖቼ በጣም እንዲጠነቀቁ እፈልጋለሁ። ሕጉ ድርጅቱ ማረጋገጫ እስኪልክ ድረስ እንዲያቆም የሚያስገድደው ተቃውሞው በጽሑፍ ሲሆን ነው፤ በስልክ የተነገረ ቃል ያንን ጥበቃ አያስገኝም። ውስን እንግሊዝኛቸውን ይዘው ስልክ የሚያነሡ እናቶቻችንና አባቶቻችን ስንቴ «ነግሬያቸዋለሁ እኮ» ብለው ተረጋግተው 30ው ቀን እንዳለፈባቸው ሳስብ ያመኛል። የማሳወቂያው ቅጽ በስፓኒሽ ቅጂ መጠየቅ እንደሚቻል የሚገልጽ መስመር ሊኖረው ይችላል፤ በአማርኛ የተጻፈ ግን እስካሁን አላየሁም።

ይበልጥ ያናደደኝ ደንቡን ሳነብ ያገኘሁት ነው። ከኖቬምበር 30 ቀን 2021 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው ሬጉሌሽን ኤፍ የሚባለው ደንብ፣ ዕዳ ሰብሳቢው ማሳወቂያውን ከላከ በኋላ ቅዳሜ፣ እሑድና የበዓል ቀናት ሳይቆጠሩ ቢያንስ 5 ቀን ካለፈ፣ ማሳወቂያው ደርሶናል ብሎ እንዲወስድ ይፈቅድለታል። ፊርማ አይጠየቅም፣ አረንጓዴ ካርድ አይጠየቅም። የእኛ 30 ቀን መቆጠር የሚጀምረው በዚሁ ግምት ነው። ያው ደንብ ግን የእኛ ደብዳቤ ተልኮ ይህን ያህል ቀን ካለፈ ለድርጅቱ እንደደረሰ ይቆጠራል አይልም። በአንድ ፖስታ ቤት፣ በአንድ ዓይነት መኪና የሚጓዙ ሁለት ደብዳቤዎች ናቸው፤ ልዩነታቸው የላኪው አቅም ብቻ ነው።

ፍርድ ቤቶች በትክክል ተጽፎ በፖስታ የተላከ ደብዳቤ እንደደረሰ የሚገመትበት የቆየ መርሕ አላቸው፤ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1884 ጭምር አጽንቶታል። መርሑ መልካም ነው፤ ሊስተባበል የሚችል ግምት ከመሆኑም በላይ ግን ለመጠቀም መጀመሪያ ፍርድ ቤት መድረስ ያስፈልጋል። ዕዳ ሰብሳቢን በዚህ ሕግ ለመክሰስ ያለው የይርጋ ጊዜ 1 ዓመት ነው፤ ከደረሰ ጉዳት ካሣ ሌላ ለአንድ ከሳሽ ሊፈረድ የሚችለው እስከ 1,000 ዶላር ነው። የጠበቃ ወጪ ከተሸናፊው ድርጅት ሊጠየቅ መቻሉን የማያውቅ ሰው ገና ከጅምሩ ተስፋ ቆርጦ ይቀመጣል። የስልክ ሠራተኛዋ ደግሞ የ1884ን ፍርድ ይዛ አትከራከርም፤ የምታየው ኮምፒውተሯን ነው።

ካርዱ ሙሉ ሆኖ ቢመጣ እንኳ አንድ ክፍተት ይቀራል። ካርዱ የሚመሰክረው ፖስታ መድረሱን እንጂ በፖስታው ውስጥ ምን እንደነበረ አይደለም። ስለዚህ በደብዳቤው አናት ላይ የሰርቲፋይድ ቁጥሩን መጻፍ፣ ፈርሞ ፎቶ ማንሣት፣ የትራኪንግ ገጹንም ሳይጠፋ አትሞ ማስቀመጥ ይገባል። እኔ ይህን ሁሉ አድርጌ ነበር፤ ለፌዴራሉ የሸማቾች ፋይናንስ ጥበቃ ቢሮ በኢንተርኔት አቤቱታ ሳቀርብ ሁሉንም አያይዤ ልኬአለሁ።

ከአቤቱታው በኋላ ድርጅቱ መልስ ሰጠ። መልሱን ሳነበው እጄ ተንቀጠቀጠ። ተቃውሞዬን «ተቀብለናል» ይላል፤ የተቀበሉበት ቀን ብለው የመዘገቡት ግን አቤቱታዬ በቢሮው በኩል የደረሳቸውን ዕለት ነው። ያ ዕለት ከ30ው ቀን ውጭ ነው። ስለዚህ ማረጋገጫ የመላክ ግዴታ የለብንም፣ «በበጎ ፈቃድ» እንመለከተዋለን ይላሉ። በጎ ፈቃዳቸውን አልለመንኩም። በጊዜው የላክሁት ደብዳቤ በሰጡኝ አድራሻ መድረሱን የመንግሥት ፖስታ ቤት መዝግቦታል፤ ይህንን መዝገብ ወደ ጎን ትተው የራሳቸውን ቀን ማስገባታቸው መብቴን ከእጄ መንጠቅ ነው። በዚህ መሐል ዕዳው በክሬዲት ሪፖርቴ (የብድርና የክፍያ ታሪኬ በሚመዘገብበት ሰነድ) ላይ ገብቷል፤ ክርክር ያለበት መሆኑ እንኳ አልተገለጸም። ዕዳው ክርክር እንዳለበት እያወቁ ያንን ሳይገልጹ ማስተላለፍን ግን ያው የ1977ቱ ሕግ ይከለክላል።

የምጠይቀው ነገር ከባድ አይደለም። ለእነሱ የተፈቀደው የ5 ቀን ግምት ለእኛም ደብዳቤ ይፈቀድ፤ ወይም ተቃውሞ የሚቀበል ድርጅት ሁሉ ቀንና ቁጥር ያለው የመቀበያ ወረቀት በጽሑፍ እንዲመልስ ይገደድ። ለስልክ ጥሪያቸው እያንዳንዱን ደቂቃ የሚመዘግቡ ድርጅቶች ይህ ያቅታቸዋል ብሎ የሚያምን ሰው የለም። ለእኔ ጉዳይ የመቀበያ ቀኑ በፖስታ ቤቱ መዝገብ መሠረት እንዲታረምና ዕዳው ክርክር እንዳለበት ለክሬዲት ድርጅቶቹ እንዲነገር የሚጠይቅ ሁለተኛ ደብዳቤ ልኬአለሁ። እንደ መጀመሪያው ሁሉ በሰርቲፋይድ ሜይል ነው፤ በዚህ ጊዜ ለፖስታ ሣጥኑ ብቻ ሳይሆን ለዋና መሥሪያ ቤታቸውና በግዛታችን በሕግ መጥሪያ እንዲቀበልላቸው ላስመዘገቡት ወኪልም ጭምር። ካልታረመ የይርጋው 1 ዓመት ሳያልቅ ጠበቃ ይዤ እከሳለሁ።