ሩጫው ሲያልቅ ቴሌቪዥኑን አታጥፉት

መስከረም 15 ቀን 1993 ዓ.ም. ነበር። ደመራ ሊደመር አንድ ቀን ቀርቶታል። በሰፈራችን ቴሌቪዥን ያለው ቤት ጥቂት ስለነበር ሁላችንም አንድ ጎረቤት ቤት ታጭቀናል። ትልልቆቹ ሶፋው ላይ፣ እኛ ልጆቹ መሬት ላይ፣ የተረፈው ደግሞ በር ላይ ቆሟል። ሲድኒ መሽቷል፤ እዚህ ግን ገና ቀን ነው። የ10,000 ሜትር ፍጻሜ።

የመጨረሻው ዙር ላይ ኬንያዊው ፖል ቴርጋት አፈተለከ። ኃይሌ ተከተለው። ወደ መጨረሻው ቀጥታ መስመር ሲገቡም ቴርጋት ገና ፊት ነው። የቤቱ እመቤት ቡና እየቆሉ ነበር። ቡናው አረረ፣ ቤቱ በጭስ ተሞላ፤ ማንም ልብ አላለም። ኃይሌ የቀደመው በመጨረሻዎቹ ጥቂት እርምጃዎች ነው። በመካከላቸው የነበረው ልዩነት 0.09 ሰከንድ ብቻ ነበር። በዚያው ኦሊምፒክ የወንዶች 100 ሜትር አንደኛና ሁለተኛ የተለያዩት በ0.12 ሰከንድ ነው። አስቡት፤ 25 ዙር ሮጠው ከ100 ሜትር ሯጮች ይልቅ ተቀራርበው ገቡ።

ተጨፈረ፣ ተተቃቀፍን። ከዚያ ቴሌቪዥኑ ጠፋ፣ ሁሉም ወደየቤቱ ሄደ። የኛ ሩጫ አልቋላ!

እስካሁንም እንደዚያው ነን። የኛ ልጆች ሲሮጡ አገር ይቆማል። ሲጨርሱ ኦሊምፒክም ያለቀ ይመስለናል። እኔ ግን በዚህ ብዙ እንደሚያመልጠን አምናለሁ። ረጅም ሩጫ ማየት የሚያውቅ ሕዝብ ነን። ዙር መቁጠር፣ ማን እንደደከመ ከትከሻው መለየት፣ ማን እንደታጠረ ማየት፣ «አሁን ይውጣ! አሁን!» ማለት እናውቃለን። ይህን ዓይን ይዘን አራት አምስት ሌሎች ውድድሮች ብናይ ልባችን እንደዚያ ቀን ይመታል። በ2028 የሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክ የትኞቹን እንደማይ ከወዲሁ ለይቻለሁ። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመቶች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ስለ ከተማዋ አንድ ነገር ልበል፤ ለኛ ተራ ከተማ አይደለችምና። ሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክ ስታዘጋጅ ይህ ሦስተኛዋ ነው። በ1932 ስታዘጋጅ ኢትዮጵያ ገና ኦሊምፒክ ውስጥ አልነበረችም፤ የጀመርነው በ1956 ሜልቦርን ላይ ነው። በ1984 ደግሞ ሶቪየት ኅብረትን ተከትለን ቀረን። በ1976 ከሞንትሪያል ቀርተን ነበር፣ በ1988 ከሴኡልም ቀረን። በላይነህ ዲንሳሞ በሚያዝያ 1988 ሮተርዳም ላይ ማራቶንን በ2:06:50 ሮጦ የዓለምን ክብረ ወሰን ሰበረ። ክብረ ወሰኑ አሥር ዓመት ቆየ። እሱ ግን በዚያው ዓመት ሴኡል ላይ መነሻው መስመር ላይ እንኳ አልቆመም። ይህ ነገር ሁሌ ይቆጨኛል። እና የኛ ልጆች በ2028 ሎስ አንጀለስ ኮሊሲየም ሲገቡ፣ በዚህች ከተማ ኦሊምፒክ የኢትዮጵያ ማሊያ ሲታይ የመጀመሪያው ይሆናል። አትሌቲክሱ እዚያው ኮሊሲየም ነው፤ በ1932ም በ1984ም የተሮጠበት ስታዲየም።

ስለዚህ ከ10,000 ሜትር እንጀምር፤ እሱን ማንም አያስተወንም። ፓሪስ 2024ን አስታውሱ። የኛ ሦስቱ፣ ዮሚፍ፣ ሰለሞንና በሪሁ፣ ተራ በተራ እየመሩ ዙሩን አከረሩት። ዘዴው ግልጽ ነበር፤ መጨረሻ ላይ የሚፈተለኩትን ቀድሞ ማድከም። ኡጋንዳዊው ጆሹዋ ቼፕቴጌ ግን አልደከመም። በ26:43.14 የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን ሰብሮ አሸነፈ። በአማካይ ስታሰሉት አንዱ ዙር 64 ሰከንድ ነው። በሪሁ አረጋዊ ከኋላ መጥቶ በመጨረሻዎቹ ሜትሮች ብሩን ከአሜሪካዊው ግራንት ፊሸር ቀማው፤ ልዩነቱ 0.02 ሰከንድ። ብዙዎቻችን «ወርቁ አመለጠ» ብለን አዘንን። እኔ ያንን የመጨረሻ ዙር ደግሜ ደጋግሜ አይቼዋለሁ። የበሪሁ አጨራረስ ካየኋቸው ሩጫዎች ሁሉ ከሚያኮሩኝ አንዱ ነው።

አሁን ወደ ውኃው ልውሰዳችሁ። የ1,500 ሜትር ነጻ ቀዘፋ። ዋና ለኛ ሩቅ ነው ትሉኝ ይሆናል። ግን ይህ ውድድር የ10,000 ሜትር ወንድም ነው። ገንዳው 50 ሜትር ነው፤ 30 ጊዜ ከጫፍ እስከ ጫፍ ያቋርጡታል። እንደ መም ሩጫ እዚህም የሚያከር አለ፣ ተደብቆ የሚጠብቅ አለ፣ መጨረሻ ላይ የሚፈተለክ አለ። በቶኪዮ አሜሪካዊው ቦቢ ፊንክ እስከ መጨረሻው ድረስ ከመሪዎቹ ኋላ ሆኖ ዋኘ። የመጨረሻዋን 50 ሜትር ከ26 ሰከንድ በታች ዋኝቶ ሁሉንም ቀደማቸው። በ800 ሜትርም እንዲሁ አድርጎ ነበር። ስለዚህ ፓሪስ ላይ ሁሉም መጨረሻውን እየጠበቀ ነው። ፊንክ ምን አደረገ? ከመጀመሪያው ወጥቶ መራ። ማንም ሳይደርስበት በ14:30.67 ከለንደን 2012 ጀምሮ የቆየውን የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረ። አንዱን 50 ሜትር በአማካይ በ29 ሰከንድ ማለት ነው። የቀነኒሳ ክብረ ወሰን እንዲህ ሲወድቅ ስናይ ምን እንደሚሰማን እናውቃለን። ያንኑ ስሜት እዚህ ታገኙታላችሁ።

ስታዩ አንድ ነገር አትርሱ። ቴሌቪዥኑ ገንዳው ላይ የሚያሳየው የክብረ ወሰን መስመር አለ፤ ከዋናተኛው ጋር አብሮ ይሄዳል። ዋናተኛው ከመስመሩ ፊት ነው? እኩል ነው? ወደ ኋላ እየቀረ ነው? እሱን ብቻ ብትከተሉ ሩብ ሰዓቱ ሳይታወቃችሁ ያልቃል። ሎስ አንጀለስ ላይ ዋናው የሚካሄደው ትልቁ የሶፋይ ስታዲየም ውስጥ በሚሠራ ገንዳ ነው። ተመልካቹ ወደ 38,000 ይሆናል ተብሏል። አትሌቲክሱ በመጀመሪያው ሳምንት፣ ዋናው በሁለተኛው። ይህ ለኛ ጥሩ ነው፤ ከትራኩ ስንወጣ ገንዳው ይጠብቀናል።

ዱላ ቅብብሉን ማየት የምፈልገው ለሌላ ምክንያት ነው። የአሜሪካ ወንዶች በ4 ጊዜ 100 ሜትር ለመጨረሻ ጊዜ ወርቅ ያገኙት እዚያው ሲድኒ 2000 ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ በዓለም ፈጣን ሰዎች ተሞልተው ዱላ ይጥላሉ፣ ከክልሉ ውጪ ይቀባበላሉ፣ ይሰረዛሉ። ፓሪስም ላይ ገና ከመጀመሪያው ቅብብል ተበላሽቶባቸው ተሰረዙ፤ ካናዳ ወርቁን ወሰደች። የመቀባበያው ክልል 30 ሜትር ነው። ተቀባዩ ወደ ኋላ አያይም። መሬት ላይ ያለጠፈው ምልክት አለ፤ ሰጪው እሱን ሲረግጥ ይነሳል። ከዚያ እጁን ወደ ኋላ ዘርግቶ ዱላው መዳፉ ላይ እስኪያርፍ ይጠብቃል። ግማሽ እርምጃ ቀድሞ ከተነሳ አለቀ። ስታዩ ሯጮቹን ሳይሆን እጆቹን እዩ። አሁን ደግሞ በገዛ አገራቸው፣ በገዛ ሕዝባቸው ፊት ነው የሚሮጡት። ያ ጭንቀት ራሱ ትርዒት ነው።

የብስክሌት ጎዳና ውድድርን ብዙ ሰው አይወደውም፤ ይረዝማል። እኔ ግን እወደዋለሁ። ምክንያቴም ይህ ነው፤ በትልልቆቹ የአውሮፓ ውድድሮች ብስክሌተኞቹ ጆሯቸው ላይ ሬዲዮ አለ፣ አሠልጣኙ ከመኪና ሆኖ «ሁለት ደቂቃ ርቀሃል» ይላቸዋል። ኦሊምፒክ ላይ ሬዲዮ የለም። አንድ አገር የምታሰልፈውም ቢበዛ አራት ሰው ነው። ስለዚህ ያመለጠው ምን ያህል እንደራቀ፣ የሚከተሉት ስንት እንደሆኑ በደንብ የሚያውቅ የለም። በግምትና በልብ ነው የሚነዳው። ፓሪስ ላይ ቤልጅየማዊው ሬምኮ ኢቨንፖል ብቻውን አምልጦ እየመራ፣ ለማለቅ ከአራት ኪሎ ሜትር በታች ሲቀረው ጎማው ተነፈሰ። መኪናውን እየተጣራ ብስክሌት ቀይሮ ከአንድ ደቂቃ በላይ ቀድሞ ገባ። በጎረቤታችን በኤርትራ ብስክሌት እንደኛ ሩጫ ነው። በ2024 ቢንያም ግርማይ ቱር ደ ፍራንስ ላይ ሦስት ቀን አሸንፎ አረንጓዴውን ማሊያ ሲለብስ አስመራ እንዴት እንደጨፈረች አይተናል። እኛም ብንሆን ሜልቦርን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ስንሳተፍ ከሯጮቹ ጋር ብስክሌተኞች ልከን ነበር። ይህ ውድድር ባዕዳችን አይደለም።

ሎስ አንጀለስ ላይ የተጨመሩ ስፖርቶችም አሉ፤ ክሪኬት፣ ስኳሽ፣ ላክሮስ፣ ፍላግ ፉትቦል፣ ቤዝቦል። ክሪኬት ከ1900 ወዲህ ሲመለስ ይህ የመጀመሪያው ነው፤ ለሕንድና ለፓኪስታን ሰዎች ታላቅ ቀን ይሆናል። እኔ ግን ጊዜዬን ለሌላ አስቀምጣለሁ።

ለ3,000 ሜትር መሰናክል። 28 መሰናክል፣ 7 ውኃ። ለሜቻ ግርማ የዓለምን ክብረ ወሰን በ7:52.11 ይዟል። የኦሊምፒክ ወርቅ ግን የለውም፤ ቶኪዮ ላይ ብር ነው ያገኘው። ፓሪስ ላይ የመጨረሻው ዙር ውስጥ መሰናክል መትቶ ወደቀ። ጭንቅላቱ መሬት ሲመታ እኔ ካለሁበት ተነሥቼ ቆምኩ። በአልጋ ተሸክመው አወጡት። ያን ሌሊት ስለ ሜዳሊያ ያሰበ ያለ አይመስለኝም፤ ሁላችንም «ይትረፍ እንጂ» ነበር ያልነው። ተረፈ፣ ተመልሶም ሮጠ። ሎስ አንጀለስ ላይ ከተሰለፈ፣ እያንዳንዱን መሰናክል አብሬው የምዘለው እኔ ነኝ።

ማራቶኑንም እንዲሁ። ታምራት ቶላ ወደ ፓሪስ የሄደው ተጠባባቂ ሆኖ ነው። ሲሳይ ለማ ሲጎዳ ተተካ። ዳገት የበዛበትን መንገድ፣ በአጠቃላይ 436 ሜትር ሽቅብ ያለውን፣ በ2:06:26 ጨርሶ የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን ሰበረ። በማግስቱ ሴቶቹ ሮጡ። ትዕግሥት አሰፋና ሲፋን ሀሰን እስከ መጨረሻዎቹ 200 ሜትሮች ትከሻ ለትከሻ ተገፋፍተው በሦስት ሰከንድ ተለያዩ። ሲፋን ለሆላንድ ትሮጣለች፣ የተወለደችው ግን አዳማ ነው። በዚያው ኦሊምፒክ በ5,000 እና በ10,000 ሜትር ነሐስ ወስዳ ነበር፤ የማራቶኑ ሦስተኛ ሜዳሊያዋ ነው። ትዕግሥት ስትሸነፍ አዘንኩ። ሲፋን ስታሸንፍ ደግሞ ደስ አለኝ። ሁለቱም በአንድ ጊዜ።

ሰዓቱን ላስታውሳችሁ። ኦሊምፒኩ የሚከፈተው በኛ አቆጣጠር ሐምሌ 7 ቀን 2020 ዓ.ም.፣ የሚዘጋው ሐምሌ 23 ነው። ከሎስ አንጀለስ የምንቀድመው በአሥር ሰዓት ነው። እዚያ ምሽት አንድ ሰዓት ሲሆን እዚህ ሊነጋጋ ሲል፣ ሌሊት 11 ሰዓት ነው። ክረምት ነው፣ ዝናብ ነው፣ ብርድ ነው። ቴሌቪዥን ጣቢያዎቻችንም ከኛ ሩጫ በኋላ ወደ ስቱዲዮ ወሬ ባይመለሱ፣ ገንዳውንም ብስክሌቱንም ቢያሳዩን፣ ጋዜጠኞቻችንም ሕጉን እያስረዱ ቢያስተላልፉልን ደስ ይለኛል። ችሎታው አላቸው፤ የሩጫ ዘዴን ለኛ ያስተማሩን እነሱ ናቸውና።

ሎስ አንጀለስ ያላችሁ ደግሞ ታድላችኋል። ከተማዋ በ2002 «ትንሿ ኢትዮጵያ» ብላ የሰየመችው የፌርፋክስ ጎዳና ክፍል ኦሊምፒክ ቡልቫርድ የሚባለውን ጎዳና ይነካል። ያ ጎዳና ስሙን ያገኘው በ1932 ለተደረገው ኦሊምፒክ ክብር ነው። የኛ ምግብ ቤቶች፣ የኛ ቡና፣ ከዚያ ጎዳና ጥግ ላይ ናቸው። ኮሊሲየም የምትገቡ ባንዲራችሁን ያዙ፣ ለበላይነህ ዘመን ልጆችም አብራችሁ ጩኹላቸው።

እኛ እዚህ ሌሊቱን እንነሣለን። ቡናውን ግን የመጨረሻው ዙር ደወል ሳይደወል አስቀድመን እንቁላው።