ሐኪሙ ስንት ጊዜ ተጠቀሰ?

እዚህ ስቶክሆልም አንድ የሕክምና ተመራማሪ መድረክ ላይ ሲጋበዝ ከስሙ ቀጥሎ ቁጥር ይጠራል። ስንት ጽሑፍ አሳተመ፣ ሌሎች ስንት ጊዜ ጠቀሱት፣ ኤች-ኢንዴክሱ ስንት ደረሰ። ይህን መለኪያ በ2005 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ያመጣው ሆርጌ ሂርሽ የተባለ የፊዚክስ ምሁር ነው። እያንዳንዳቸው ቢያንስ 20 ጊዜ የተጠቀሱ 20 ጽሑፎች ያሉት ሰው ኤች-ኢንዴክሱ 20 ይሆናል ማለት ነው።

አገር ቤት የሕፃናት ሐኪም የሚመዘነው በሰልፍ ነው። ጎህ ሳይቀድ ልጅ ያዘሉ እናቶች ደጁ ላይ ከተኮለኮሉ አንቱ የተባለ ነው። ስንት ጽሑፍ እንዳሳተመ የጠየቀ አስታማሚ አላየሁም።

ሁለቱም ሚዛን የሚያውቀው አንድ ሥራ ልጥቀስ። በ1997 እነ ዶክተር ሉሉ ሙሄ በአዲስ አበባው ኢትዮ-ስዊድን የሕፃናት ሆስፒታል ያደረጉት ጥናት ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ ወጣ። የሳንባ ምች የያዛቸውን ከአምስት ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ካልያዛቸው ጋር አነጻጸሩ። ውጤቱ፦ አጥንት የሚያለሰልሰው ሪኬትስ የሳንባ ምች ከያዛቸው ልጆች ዘንድ የመገኘት ዕድሉ 13 እጥፍ ያህል ይበልጣል። የጎድን አጥንቱ የለሰለሰ ሕፃን አክታውን ጠርጎ ለማውጣት አቅም ያጣል። ሪኬትስ በአብዛኛው የሚመጣው ደግሞ ከቫይታሚን ዲ እጥረት ነው። አሥራ ሦስት ወር ፀሐይ አለን እያልን ቱሪስት ስንጠራ በኖርንበት አገር! ቡዳ እንዳያየው፣ ብርድ እንዳይመታው ተብሎ የተጠቀለለው አራስ ፀሐዩ ደጅ ቆሞ እሱ ጓዳ ነው።

ስዊድን በክረምት ፀሐይ ብርቅ ነው። ስለዚህ የሕፃናት ጤና ጣቢያዋ ነርስ የቫይታሚን ዲ ጠብታ ያለ ክፍያ ትሰጣለች፣ ልጁ ሁለት ዓመት እስኪሞላው በየቀኑ ይወስዳል። እኛ ጋ «ጠዋት ጠዋት ፀሐይ አሙቂው» ይባላል። ይህን ምክር ተቀብላ በረንዳ ላይ ልጇን የምታሞቅ እናት ጽሑፍ ስንት ጊዜ እንደተጠቀሰ በሚቆጥረው ጉግል ስኮላር ላይ አትቆጠርም። ያን ጽሑፍ ዋቢ ያደረገ ሌላ ተመራማሪ ግን፣ ልጅ አይቶ ባያውቅም፣ አንድ ተብሎ ይመዘገባል።

ቁጥሩ የሚያብጥበትም መንገድ አለ። ሲያትል ያለው የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተቋም የሚመራው የዓለም የበሽታ ጫና ጥናት አንዱ ጽሑፉ ብቻ በመቶዎች የሚቆጠሩ ደራሲዎች ይዘረዝራል፤ በዝርዝሩ ውስጥ የኢትዮጵያ መምህራን በርካታ ናቸው። ተሳትፏቸውን አልንቅም። ሆኖም ሺህ ጊዜ በተጠቀሰ ጽሑፍ ላይ ስሙ ያለ ወጣት መምህር ጠቅላላ ዕድሜውን ዋርድ ውስጥ ከፈጀው ፕሮፌሰር በቁጥር ሊበልጥ ይችላል። በሌላ በኩል «የእንትን ስርጭትና ተያያዥ ምክንያቶች ከአምስት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ፣ በእንትን ወረዳ» የሚለው የማስተርስ መመረቂያ አለ፤ ወረዳው ይቀየራል እንጂ መጠይቁ ያው ነው። ለማዕረግ ዕድገት የታተመ ጽሑፍ ሲጠየቅ ሰዉ የሚቆጠርለትን ይጽፋል፣ ምን ያድርግ።

የሚገርመኝ ጊዜው ነው። በ2012 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ የተሰባሰቡ አዘጋጆችና አሳታሚዎች ተመራማሪን ጽሑፉ በወጣበት መጽሔት ነጥብ አትመዝኑት የሚል መግለጫ አረቀቁ፤ አውሮፓም ወደዚያው እያዘነበለ ነው። እኛ ቁጥሩን የያዝነው እነሱ መጠራጠር በጀመሩበት ሰዓት ነው። ቢሆንም ጨርሶ ይቅር አልልም። ትውውቅ በሚያሾምበት ኮሚቴ ፊት፣ ሰው የሚያማልደው ለሌለው ሐኪም ቁጥር ጉልበት ነው።

እኛ ላይ የሚደርሰው ልዩ ጣጣ ደግሞ የስም ነው። የቤተሰብ ስም ስለሌለን የውጭው መዝገብ የአባትን ስም ወስዶ ልጁን በአንድ ፊደል ያስቀረዋል። ሠርቶ የደከመው ልጅ፣ የተጠቀሰው ፊደል ያልቆጠረ አባት! «ተስፋዬ ኤ.» ብላችሁ ብትፈልጉ የሕፃናት ሐኪሙ፣ የአፈር ተመራማሪውና የኢኮኖሚ መምህሩ አንድ ሰው መስለው ሊወጡ ይችላሉ። ከ2012 ጀምሮ ኦርኪድ (ORCID) የሚባል ባለ 16 አሃዝ የተመራማሪ መለያ በነፃ ይሰጣል፣ ማውጣቱም ደቂቃዎች ብቻ ይወስዳል። አገር ቤት የማውቃቸው ሐኪሞች ሳነሳባቸው «እሺ፣ ተረኛ ባልሆንኩ ቀን» ይሉኛል።