ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው

ዋሽንግተን ዲሲ ያለውን የአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ይግባኝ ቦርድ የሚያሙ ሰዎች አሉ። አዘገየን፣ አመላለሰን ይላሉ። እኔ ግን እንዲህ ያለ ጨዋ መሥሪያ ቤት አላየሁም።

ሥራው የአካል ጉዳት ካሳ የተከለከለ ወታደርን አቤቱታ ማየት ነው። ታዲያ እንደ ተራ ቢሮ «ዛሬ ሂድ፣ ነገ ና» ብሎ ሰው አያዋርድም። ብዙ ገጽ ይጽፋል፣ ሕግ ይጠቅሳል፣ መጨረሻ ላይ «ማስረጃው አልተሟላምና ጉዳዩ ወደ ታች ይመለስ» ይላል። ታች አዲስ ሐኪም ያየዋል። ሐኪሙ አንዲት ጥያቄ ሳይመልስ ያልፋል። እንደገና ይወጣል፣ እንደገና ይወርዳል። ባለጉዳዩ ደረጃ መውጣት ቢያቅተውም መዝገቡ ጉልበተኛ ነው። ችሎት ሲመላለስ ያረጀ ሐበሻ እንኳ ይቀናል።

ቬትናም የዘመተ መድፈኛ እናስብ። ሲሰናበት በ22 ዓመቱ ቅጽ ሰጡት፦ «ጆሮህን ያምሃል?» አዎ ካለ ለምርመራ ሊያቆዩት ነው፤ እናቱ ደግሞ ቤት እየጠበቀችው ነው። «የለም» ብሎ ፈረመ። ዛሬ በ75 ዓመቱ ጆሮው ሌሊቱን ሲጮህ ያድራል። ውሳኔው ምን ይላል? «በስንብት ምርመራው ቅሬታ አላቀረበም።» አያችሁ ለወታደር ቃል ያላቸውን ክብር? የጎረምሳው ቃል ሰነድ ሆነ፤ የሽማግሌው ቃል ግን «የራሱ አስተያየት» ነው። የዘመኑ የሕክምና ሰነድ አለመኖር ብቻውን ቃሉን ለመጣል አይበቃም ብለው ፍርድ ቤቶች ወስነዋል። ጥሩ ነው፤ ይህም ለመመለስ አንድ ምክንያት ይሆናል።

ቢረታስ? የሚሰጠው የጉዳት መጠን 10 በመቶ ነው። አንዱ ጆሮ ቢጮህ 10፣ ሁለቱም ቢጮሁ ያው 10። ሁለተኛው በነፃ ነው የሚጮኸው።

ስለ ሒሳባቸውም ምስጋና አይነፈግ። ወገቡ 50፣ አንዱ ጉልበቱ 30፣ ትከሻው 20 ቢሰጠው የመርካቶ ነጋዴ 100 ብሎ ይደምራል። እነሱ ግን የተማሩ ናቸው። ወገቡ ግማሹን ሰው ከወሰደ፣ ጉልበቱ ሊያመው የሚችለው የቀረው ግማሽ ላይ ነው። ትከሻው ደግሞ ከዚያ በተረፈው። 72 ይመጣል፣ ወደ 70 ይጠጋጋል። ሰውየው 30 በመቶ ጤነኛ መሆኑን የሚያውቀው ያኔ ነው። እንኳን ደስ ያለህ ነው እንጂ!

እ.ኤ.አ. ሐምሌ 1973 ሴንት ሉዊስ ላይ መዝገብ ቤቱ ተቃጥሎ ከ16 እስከ 18 ሚሊዮን የሚደርስ የወታደር ማህደር ወድሟል። ማህደሩ ለነደደበት ሰው ሕጉ አዝኖለታል፦ መሥሪያ ቤቱ ከወትሮው በበለጠ ይፈልግለት፣ ሲከለክለውም በደንብ ያስረዳው ይላል። ማስረጃውን ግን ማምጣት አለበት።

ደግሞ ማስረጃው እኩል ለእኩል ከሆነ ጥርጣሬው ለወታደሩ ይሁን የሚል ድንቅ ሕግ አለ። እኩል እንዳይሆን መጠንቀቅ ነው እንግዲህ።

እ.ኤ.አ. በ2019 ሥራ ላይ የዋለው አሠራር ለተከለከለ ሰው ሦስት የአቤቱታ መንገድ ከፍቷል። አማርጦ መጠበቅ ይቻላል።

ቸኩሎ የሞተ እንደሆነ ይግባኙም አብሮት ይዘጋል። ሚስቱ ግን በ1 ዓመት ውስጥ «በእሱ ቦታ ልተካ» ብላ ማመልከት ትችላለች። ቅጽ አለው።