እርማት፦ ቀይ አፈር በፀሐይ አይለቅም

ወንድሜ፣ ሐረር ያየኸው ሥዕል መስመሮቹ ከሐረሪ ሴቶች ቀሚስ የተወሰዱ ናቸው ብለሃል። ልክ ነህ። «ግን በአፈር ስለተሳለ ፀሐይ ሲነካው ይለቃል» ያልከው ስህተት ነው። ብዙ ሰው ይለዋል፤ በዚህ ወሬ ጥሩ ሥዕሎች ገዢ ሲያጡ ደግሞ ያሳዝነኛል።

የአፈሩ ቅላት የሚመጣው ከብረት ዝገት ነው። ዝገትን ብርሃን አይበላውም። ፀሐይ ቶሎ የሚያደበዝዘው እንደ እርድ ያለውን የዕፅዋት ቀለም ነው። በዕፅዋት ቀለም የተነከረ ጨርቅ ሲደበዝዝ ያየ ሰው አፈሩንም አብሮ ይኮንነዋል።

ድሬዳዋ አካባቢ ለገ ኦዳ ሂድና ዐለቱን እይ። ጥንት የተሳሉት ቀያይ ከብቶች ዛሬም ይታያሉ። እዚያው ድሬዳዋ አጠገብ ካለው የፖርክ ኤፒክ ዋሻ ደግሞ 40 ኪሎ ገደማ የብረት ዝገት ያለበት የቀለም ድንጋይ ተቆፍሮ ወጥቷል። ዕድሜው ወደ 40,000 ዓመት ይጠጋል። በአገራችን ይህ ቀለም ያን ጊዜም ይፈጭ ነበር!

ሥዕሉን የሚያበላሸው ሌላ ነገር ነው፤ ማጣበቂያው። አፈር በውሃ ብቻ ከተበጠበጠ ሲደርቅ ይረግፋል። ሙጫ ወይም የእንቁላል አስኳል ሲገባበት ግን ሸራውን ይይዛል። ሠዓሊውን አስፈቅደህ ጠርዙን በጣትህ ዳሰስ አድርገው። ቀይ ዱቄት ጣትህ ላይ ከቀረ ማጣበቂያው አንሷል ማለት ነው። በምን እንደበጠበጠውም ጠይቀው።