በ«1942» መገልበጡን ቆጥቡት

ካፕኮም እ.ኤ.አ. በ1984 ስላወጣው የአውሮፕላን ውጊያ ቪዲዮ ጨዋታ «1942» ያነበብኩት አንድ ጽሑፍ «ጥይት ሲበዛ ቶሎ ተገልበጡ» ይላል፤ መገልበጥ ማለት አውሮፕላናችሁ በአየር ላይ ተገልብጦ ከጥይት የሚያመልጥበት እንቅስቃሴ ነው። በዚህ ምክር 32ቱን ደረጃዎች መጨረስ ይከብዳል። የሚሰጠው መገልበጫ የተቆጠረ ነው፤ መውጫ ሲጠፋ ብቻ ተጠቀሙበት።

ዋናው ነገር ቀያዮቹ የጠላት አውሮፕላኖች ናቸው። በሰልፍ ሲመጡ አንዱ እንኳ ካመለጠ «ፓው» የሚለው ኃይል ሰጪ ሽልማት አይወርድም። ስለዚህ ሰልፉን ተከትላችሁ አትሩጡ፤ የሚዞርበትን ቦታ ቀድማችሁ ያዙና እየተኮሳችሁ ጠብቁት። ከሽልማቶቹ ሁሉ እኔ የማስበልጠው ግራና ቀኝ የሚሰለፉትን ሁለት አጃቢ አውሮፕላኖች ነው፤ ተኩሱን ያሰፋሉ፣ አንዱ ቢመታም ዋናው አውሮፕላን ይተርፋል።

ከታችኛው ጠርዝ ጋር መጣበቅም አደገኛ ነው፦ ከኋላ ብቅ የሚሉ አውሮፕላኖች አሉ። ትንሽ ከፍ ብላችሁ ለመሸሻ ቦታ ተዉ።