እርማት፦ በጨረር የደረቀ ማጣበቂያም ይወይባል

ወንድሜ፣ መንዝ ጓሳ ላይ ጭላዳ ለሚያስጎበኙ ልጆች «የባይኖኩላር (የሩቅ ማያ መነጽር) ሌንሶችን እርስ በርስ የሚያያይዘው ማጣበቂያ በአልትራቫዮሌት (ዓይን በማያየው ጨረር) የደረቀ ስለሆነ ፀሐይ አይነካውም» ብለህ የጻፍከው ልክ አይደለም። ብዙ ሰው እንዲህ ያምናል። ያደረቀው ጨረር የገባው እኮ በመስታወቱ አልፎ ነው፤ የፀሐዩም አልትራቫዮሌት ዛሬ በዚያው ይገባል። ሳይሠራ የቀረው ማድረቂያ ኬሚካልና የማጣበቂያው ሞለኪውሎች ቀስ በቀስ ይለወጣሉ። የተለወጡት መጀመሪያ የሚውጡት ሰማያዊውን ብርሃን ነው። ቀዩና አረንጓዴው ያልፋሉ፤ ምስሉ ቢጫ የሚመታው ለዚህ ነው። ነጭ ወረቀት በሌንሱ አሻግረህ እይ፣ ይታወቅሃል። በእርግጥ እንደ ማጣበቂያው ዓይነት ይለያያል፤ ቶሎ የማይወይብም አለ። ግን ጓሳ ከ3,200 ሜትር በላይ ነው፤ አየሩ ስስ ስለሆነ አልትራቫዮሌቱ ይበረታል። እባክህ ጽሑፉን አስተካክለው፤ ልጆቹ ባይኖኩላሩን ፀሐይ ላይ ጥለው እንዳይውሉ።